ለመንቀራፈፍ የሚፈጅ ጉልበት

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ግዲንያ ላይ ዝናብ፣
ከወደቡ በኩል ጨው ያዘለ ወጀብ።
የሱቄን በር ገፍታ ቦጉሚላ ገባች፣
በፎጣ የተጠቀለለ ኮምፒውተር ባንኮኒው ላይ አኖረች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ክሬን የነዳች ሴት ናት፣
ስንቱን ኮንቴይነር ከሰማይ ያወረደች፣ መርከብ ሁሉ የሚያውቃት።
«አሻሽልልኝ» አለች፤ «ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ካርዱን፤
ገንዘቡ ለጥርሴ ነበረ፤ ጥርሱ ይቆይ አሁን።»

«ለምን ሥራ?» አልኳት። «ለጌም ነው» አለችኝ፤
ስሙን ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ።
ከካሴት የሚጫን፣ የሰማንያዎቹ ነገር፤
ሬዲዮ በሌሊት እንደ ፌንጣ ሲጮኽ፣ ጩኸቱን ቀድተው የሚጫወቱት ነበር።
«ወይዘሮ ቦጉሚላ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤
ለዚህች ለዚህችማ ፍሪጅዎም ይበቃል፤ ይልቅ ጥርስዎን ያስተክሉበት።»

አልሳቀችም። ከኪሷ ወረቀት አወጣች፣ አራት የታጠፈ፣
እንደ ጭነት ዝርዝር ቀጥ ባለ ፊደል የተጻፈ፦
«አንደኛ፦ የድሮው ቴሌቪዥን ቀለም፣ ጠርዙ ላይ የሚደማ።
ሁለተኛ፦ ቁልፉን ስነካው ድምፁ ወዲያው እንዲሰማ።
ሦስተኛ፣ ዋናው፦ አራተኛው ዋሻ ላይ ሌሊት ወፎቹ ሲበዙ፣
ማሽኑ አቅም ያንሰውና አየር ላይ እንዳሉ ሲፈዙ፣
ያኔ ነበር የምናልፈው እኔና እህቴ ተያይዘን።
ያሁኑ ኢሙሌተር አይደክመውም፤ ስንት ወር ሞከርኩ፣ አላለፍን።
ድካሙን መልስልኝ።»

ዝም አልኩ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ፍጥነት ነው የሸጥኩት፣
«ካምናው ይልቃል» ብዬ ለስንቱ የማልኩት።
አሁን አንዲት ሴት መጥታ፣ ጥርሷን አስይዛ
ዝግታ ልትገዛ።
ነገሩ ደግሞ እውነት ነው፤ የደካማን እርምጃ ሳያዛንፉ ለመቅዳት
ከደካማው እልፍ ጊዜ መበርታት።
ሽማግሌ ደግፎ አስፋልት ያሻገረ ያውቃል፤
ቀድሞ መድረስ ቀላል ነው፤ እኩል መራመዱ ያልባል።

ከፈትኩት። አቧራ! የድመት ፀጉር፣ ዓመድ፣ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ፤
ፋኑ እንደ በሽተኛ ሲያስል፣ ሲያርፍ።
ማዘርቦርዱን ለወጥኩ፤
ፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቅባት ጠብ አደረግሁ፤
ራሙን ቀጭ እስኪል ገፋሁ።
እሷ ባትሪ ታበራልኛለች፤ እጇ ዝንፍ አይል፣ አይንቀጠቀጥ፤
«ግራ... ትንሽ ግራ... ልቀቅ» ትለኛለች፣ ኮንቴይነር እንደምታስቀምጥ።
ጫንኩት፤ አልነሳም። ጨለማ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።
ራሙን ነቅዬ ጥርሱን በላጲስ አሸሁት።
ተነሳ።

ዋሻው መጣ፤ አራተኛው። ሌሊት ወፎቹ ጎረፉ።
ያ ብርቱ ማሽን አቅም ያነሰው መሰለ፤ ሁሉም ተንቀራፈፉ።
ክፍተቱ ወለል አለ።
ቦጉሚላ ግን አላለፈችም።
ከቦርሳዋ ሌላ ጆይስቲክ አወጣች፣ ገመዱ በፕላስተር የታሰረ፤
ሰካችው። ሁለተኛው ሰውዬ ስክሪኑ ዳር ብቅ አለና ቆሞ ቀረ፣
ሰማያዊ፣ ባለ ቆብ፤ የሚያንቀሳቅሰው የለም።
እሷ እየዘለለች ሌሊት ወፉን ታባርርለታለች፤ እሱ አያመሰግንም።

«እህትዎ?» አልኳት።
«ዝጂስዋቫ። ሽቼቺን ናት። በናታችን ቤት ተካሰስን፤
ሳንነጋገር አሥራ አንድ ዓመት ሆነን።»
ሰማያዊው ሞተ፤ እንደገና ተወለደ፤
ቦጉሚላ ጣቷን አነሳች። «ባለበት አስቀምጥልኝ። ይኼ አሁን ይቻላል አይደል?»
ይቻላል። አስቀመጥኩላት፤
ሌሊት ወፎቹ ተንጠልጥለው፣ ክፍተቱ እንደተከፈተ።

ሒሳቡን ቆጥራ ከፈለች። ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቀለለች፤
ሁለቱን ጆይስቲክ ግን ኮቷ ኪስ ከተተች።
በሩ ላይ ዘወር አለች፦
«ሽቼቺን በባቡር ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«አምስት ያህል» አልኳት፤ «ደግሞም ይዘገያል።»
«ይዘግይ» አለች።